ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ



ደብዳቤ በፖስታ ይመላለስ በነበረበት ዘመን ከሰው ሀገር የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ አጀማመሩ አንድ ዓይነት ነበር። ሰላምታ ይቀድማል። የአባት፣ የእናት፣ የወንድምና የእህት፣ የጎረቤቱም ጤንነት በየስማቸው ይጠየቃል። ቀጥሎ «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» የሚለው ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ስለ ተላከው ገንዘብና ዕቃ ነው። ደብዳቤውን ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያዳምጣል፤ «ተመስገን፣ ደህና ናት» ተብሎ ቡና ይፈላል።

ከፖስታው ቀጥሎ ካሴት መጣ። ከመርካቶና ከወሎ፣ ከጅማና ከስልጤ ወደ ጂዳና ወደ ቤይሩት የእናት ድምፅ በካሴት ተቀድቶ በሚሄድ ሰው እጅ ተላከ፤ የልጅም ድምፅ በዚያው መንገድ ተመለሰ። ዛሬ ደግሞ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል፤ ፊት ለፊት መተያየትም ተችሏል። ያቺ የጥንት ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተለወጠችም። ልጅቱ በስልኩ መስታወት ላይ ፈገግ ትልና «ደህና ነኝ፣ እናንተ ብቻ ደህና ሁኑልኝ» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ምን እንደምትሆን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

በዚህ ወር እትማችን ልናነሳው የፈለግነው «በስተቀር» በምትለው ቃል ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚቀረው ኑሮ ነው። በሰው ሀገር የሚኖር ሰው ልቡን እንዴት ይጠብቃል? አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶስ በዚህ ረገድ ምን ሊረዱት ይችላሉ? ጉዳዩ የሚመለከተው ሻንጣዋን ሸክፋ ልትነሳ የተዘጋጀችውን እህት ብቻ አይደለም። ከአንዋር መስጊድ እስከ ሰባተኛ፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ አመዴ ባለው ሰፈር ውስጥ ዐረብ ሀገር ሰው የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለምና ነገሩ የሁላችንም ነው።

መርካቶ የእንግዶች ሰፈር

መርካቶ ለሰው ሀገር ሰው አዲስ አይደለችም። ገበያዋ ራሷ እዚህ ቦታ ላይ የተተከለችው በባዕድ እጅ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት፣ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የሀገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ አሁን ወዳለበት ስፍራ ሲዛወር ጣሊያንኛው ስም አብሮት መጣ። ከዚያ ወዲህ ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከሐረርና ከወሎ፣ ከጅማና ከትግራይ የተነሳ ሁሉ እዚህ ሰፈር ገብቶ በረንዳ ላይ አድሮ፣ ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ፣ ተሸክሞም አውርዶም ሰው ሆኗል። ከሀገር ሳይወጡም የሰው ሀገር ሰው መሆን እንዳለ የእነዚህ አባቶች ታሪክ ይመሰክራል።

ከባሕር ማዶም የመጡ ነበሩ። ሕንዳውያን ነጋዴዎችና የመናውያን በአዲስ አበባ ንግድ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በተለይ የመናውያኑ በየሰፈሩ ከፍተውት የነበረው ትንሽ ሱቅ «የዐረብ ሱቅ» እየተባለ ይጠራ ስለነበር በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ሁሉ ያስታውሱታል። ዐረቡ ጧት ከሁሉ ቀድሞ ይከፍታል፤ ማታ ከሁሉ ኋላ ይዘጋል፤ እዚያው ከመደርደሪያው ጀርባ ይተኛል። ስኳሩንና ጋዙን በዱቤ ይሰጣል፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በስም ያውቃል። እሱ ግን ሌሊት ምን እያሰበ እንደሚተኛ ጠይቆት የሚያውቅ ጎረቤት ምን ያህል ነበር?

ይህን ጥያቄ የጠየቀ አንድ ደራሲ አለ። ስሙ ሙሐመድ ዐብዱልወሊ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940 ገደማ ደብረ ብርሃን የተወለደ ሲሆን፣ አባቱ የመናዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። አዲስ አበባ በሚገኘው የየመናውያን ማኅበረሰብ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በወጣትነቱ ወደ ካይሮ፣ በኋላም ወደ ሞስኮ ለትምህርት ሄደ፤ ከየመን አብዮት በኋላ ወደ አባቱ ሀገር ገብቶ በዲፕሎማትነት ሠራ፤ ታሠረም። እ.ኤ.አ. በ1973 በደቡብ የመን በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ዛሬ ከዘመናዊ የየመን ሥነ ጽሑፍ ፈር ቀዳጆች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። በእናቱ ሀገር የዐረብ ልጅ፣ በአባቱ ሀገር የሐበሻ ልጅ የሚባል ሰው ነበርና ባዕድነትን ከሁለት ወገን ያውቀዋል።

እ.ኤ.አ. በ1971 የታተመው አጭር ልብ ወለዱ በዐረብኛ «የሙቱነ ጉረባእ» ይባላል፤ ባዕዳን ሆነው ይሞታሉ እንደማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እዚሁ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ነው። ዋናው ሰው ትንሽ ሱቅ ያለው የመናዊ ነው። ሚስቱንና ልጁን መንደሩ ትቶ መጥቷል። ዓመት ከዓመት ይሠራል፤ ለራሱ አይለብስም፤ ያጠራቀመውን እየላከ መንደሩ ላይ የሚያምር ቤት ያሠራል። ያን ቤት አይኖርበትም። የእሱ ነው የተባለ ሕፃን እዚሁ ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ሲቀርና ሰዎች ስለ ሕፃኑ ሲለምኑት እንኳ ልቡ እሺ አይለውም፤ ሐሳቡ ሁሉ ወደፊት በሚኖረው ኑሮ ላይ ነውና። በመጨረሻ ከዚያ ቤትና ከዚያ ቤተሰብ ርቆ በሰው ሀገር ይሞታል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ታሪክ ዛሬ ተገልብጦ በእኛው ላይ እየተፈጸመ ያለ አይመስላችሁም? ትናንት የመናዊው በስድስት ኪሎ ያሳለፈውን ሌሊት ዛሬ የእኛ እህት በሪያድ ወይም በኩዌት ታሳልፈዋለች። ቤት ይሠራል፤ ቆርቆሮው ያንጸባርቃል፤ ባለቤቷ ግን የለችም። ባለሱቁ የላከውን ብር እስከ ሳንቲሙ ያውቅ ነበር፤ ያለፈበትን ዕድሜ ግን አልቆጠረውም። የጻፈለት ሰው ባይኖር ኖሮ እኛም ስለ እሱ አናውቅም ነበር።

ስለ ስደት የነገሩን እነማን ናቸው?

እኛ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ስለ ነጃሺ ስንናገር ደረታችን ይነፋል። ይገባልም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ በመካ ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ የመጡት ሰሓቦች በሀገራችን ውስጥ ባዕዳን እንደነበሩ ብዙ ጊዜ አናስበውም። ቋንቋው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ አየሩም ሌላ ነበር። በነጃሺ ፊት ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ቆሞ የተናገረውን ንግግር ሕፃናቶቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። ይህን ሁሉ ዝርዝር ለትውልድ ያቆየው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው።

በኢብኑ ኢስሐቅ የሲራ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኘው ታዋቂው ዘገባ የተላለፈው ከአንዲት ሴት ነው፤ ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.)። ከመጀመሪያው ባሏ ጋር ወደ ሐበሻ የተሰደደች፣ ፍርሃቱንም እፎይታውንም በዓይኗ ያየች ሴት ናት። መልእክተኞቹ ከመካ ምን ይዘው እንደመጡ፣ በአደባባዩ ምን እንደተባለ፣ ንጉሡ ጠላት በተነሳበት ጊዜ ስደተኞቹ እንዴት እንደተጨነቁ ሁሉንም ተረከችው። አንዲት ስደተኛ ያየችውን ባትናገር ኖሮ ታሪካችን ምን ያህል በጎደለ ነበር!

ሁለተኛዋን እንመልከት። የጃዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ሐበሻ ውስጥ ብዙ ዓመት ኖራ፣ ልጆች ወልዳ፣ በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ በመርከብ ተሻግራ መዲና ገባች። ቡኻሪ እንደዘገቡት ዑመር (ረ.ዐ.) «በሂጅራ ቀድመናችኋል» የሚል ቃል ሲሰነዝሩ አስማእ ተቆጣች። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበ ከመካከላችሁ ይበላ፣ ያላወቀ ይማር ነበር፤ እኛ ግን በሩቅ ሀገር እየተፈራን፣ እየተቸገርን ኖርን የሚል ትርጉም ያለው መልስ ሰጠች። በዚህም ሳታበቃ ነገሩን ለአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረበች። እርሳቸው «ዝም በይ፣ ሶብር አድርጊ» ብለው አልመለሷትም። የመርከቡ ሰዎች የሁለት ሂጅራ ባለቤቶች መሆናቸውን ነገሯት። ከዚያ በኋላ አብረዋት የተሰደዱት ሰዎች በቡድን በቡድን እየመጡ ያን ቃል ደግማ ደጋግማ እንድትነግራቸው ይጠይቋት ነበር። ልፋታቸውን አውቆ የሚናገርላቸው ቃል ከምንም በላይ አስደስቷቸዋልና።

ሦስተኛዋ ሕፃን ናት። ኡሙ ኻሊድ የተባለችው ልጅ የተወለደችው እዚሁ ሐበሻ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያላት ትንሽ ልብስ በእጃቸው አልብሰዋት፣ በተወለደችበት ሀገር ቋንቋ «ሰናህ» አሏት። ቡኻሪ ሲያብራሩት ቃሉ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ» ማለት ነው ይላሉ። የግዕዙን «ሠናይ» ለምናውቅ ለእኛ ነገሩ ግልጽ ነው። ከሰው ሀገር የተመለሰ ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ አንድ ደግ ቃል ሲሰማ ምን ያህል ልቡ እንደሚያርፍ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የት ይገኛል?

«ሆድ ይፍጀው»

በእኛ ዘንድ ችግርን አለመናገር እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። እናት እንዳትጨነቅ፣ ጠላት እንዳይስቅ፣ ሰው እንዳይታዘብ ተብሎ ነገር ይዋጣል። አንዳንዱን መዋጥ በእርግጥ ደግ ነው፤ ያዩትን ሁሉ መዘርገፍ የሰው ክብር ይነካል። ነገር ግን ለማንም ሳይነገር ዓመት የከረመ ነገር ሆድን ራሱን ይፈጀዋል። እንቅልፍ ይነሳል፤ ራስ ያማል፤ ምግብ አይወሰድም፤ ሶላት ላይ ሐሳብ ይበታተናል።

እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተከታታይ ለአራት ቀናት፣ በቀን ለ15 ደቂቃ ያህል እንዲጽፉ ወረቀት ሰጧቸው። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር ጻፉ። ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። ከባዱን ነገር የጻፉት ብዕሩን እንዳስቀመጡ ወዲያው ቀለል አላላቸውም፤ እንዲያውም ከፋቸው። በሚቀጥሉት ወራት ግን የሆነውንም የተሰማቸውንም አጣምረው የጻፉት ወደ ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ ሀገሮች ብዙ ጥናት ተደርጓል። ጥቅሙ መጠነኛ እንደሆነ፣ ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሠራም ታውቋል። መጻፍ ሁሉን የሚያድን መድኃኒት አይደለም። ሆኖም ዋጋው አንድ ደብተር ብቻ ስለሆነ ከሚሞከሩት ነገሮች አንዱ መሆኑ አያከራክርም።

ምክንያቱ ይህን ይመስላል። በሆድ ያለ ነገር ቅርጽ የለውም፤ ሲያብሰለስሉት ያንኑ ደግሞ ይዞ ይመጣል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ግን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይኖረዋል። «ሁሉ ነገር ጠፋብኝ» ያለች ሴት መጻፍ ስትጀምር የጠፋው ምን እንደሆነ፣ ያልጠፋውም ምን እንደሆነ ለይታ ማየት ትችላለች።

ደብተሩ እንዴት ይያዝ?

ለዚህ ጽሑፍ ዝግጅት ካነጋገርናቸው ተመላሾች መካከል አንዲት እህት በባሕረ ሰላጤው ሀገር በቤት ሠራተኛነት ስትኖር የያዘችውን ትንሽ ደብተር አሳይታናለች። ጠርዙ ተበልቷል፤ ሽፋኑ ላይ የዘይት ጠብታ አለ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያለው ሁሉ ቁጥር ነው፤ ቀን፣ የተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ለቤተሰብ የተላከ። ወደ መካከሉ ሲደረስ ከቁጥሩ ጎን አንዳንድ መስመር ይታያል፤ «ዛሬ ልጆቹ ሳቁልኝ»፣ «ዛሬ የተኛሁት ሦስት ሰዓት ነው»፣ «ዒድ ነው፣ ማንም ዒድ ሙባረክ አላለኝም»። ወደ መጨረሻው ሙሉ ገጽ መጻፍ ጀምራለች። «መጀመሪያ የጻፍኩት እንዳልታለል ብዬ ነው፤ በኋላ ግን የማዋራው ሰው ሆነኝ» ብላናለች።

ከእርሷና ከሌሎች ከሰማነው በመነሳት ደብተሩን በሦስት ክፍል መያዝ እንደሚጠቅም ተገንዝበናል።

አንደኛው የሒሳብ ክፍል ነው። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዱዓ ወይም ስለ ጦርነት ሳይሆን ዕዳን ስለ መጻፍ ነው፤ ትንሽም ይሁን ትልቅ እስከ ጊዜው ድረስ ከመጻፍ እንዳንሰለች ያዛል። ያልተከፈለ ደመወዝ ዕዳ ነው። የገባችበት ቀን፣ የኮንትራቱ ዘመን፣ የተባለው ደመወዝና የተከፈለው ደመወዝ፣ የፓስፖርትና የኢቃማ ቁጥር፣ የከፊሉ ስምና የቤቱ አድራሻ፣ የኤምባሲ ስልክ ሁሉ እዚህ ይገባል። የዚህ ገጽ ግልባጭ ከመነሳት በፊትም ከተደረሰ በኋላም እናት ቤት መቀመጥ አለበት። ስልክ ሊቀማ፣ ሊሰበር ይችላልና ሁለት ቁጥር በቃል ማጥናት ግድ ነው። ይህ ክፍል የልብ ጤንነት ጉዳይ አይመስልም፤ ሆኖም መብቷን በጽሑፍ የያዘች ሴት እንቅልፏ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው የቀን ውሎ ክፍል ነው። ከአምስት መስመር መብለጥ የለበትም፤ ሥራው ብዙ፣ ጊዜው ትንሽ ነውና። ምን ተሠራ? ምን ተበላ? ስንት ሰዓት ተተኛ? ምን አዲስ ቃል ተማርኩ? ዛሬ ደስ ያለኝ አንድ ነገር ምንድነው? ከዒሻ ሶላት በኋላ ከመተኛት በፊት ያለችው አፍታ ትበቃለች። ወር ሲሞላ መለስ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። እንቅልፍ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ መሄዱን፣ ወይም መጀመሪያ ያስለቅስ የነበረው ነገር ዛሬ እንደማያስለቅስ የሚያሳየው ደብተሩ ነው። የሚማሩት ቃል መጻፍም ቀላል ጥቅም የለውም፤ በቀን ሦስት የዐረብኛ ቃል የያዘ ሰው በዓመቱ ከሺህ በላይ ቃል ይኖረዋል፤ ቋንቋ ያወቀ ደግሞ በቀላሉ አይበደልም።

ሦስተኛው የልብ ክፍል ነው። እዚህ የማይላክ ደብዳቤ ይጻፋል። ለእናት ሊነገር የማይቻለው፣ ለማዳም ሊመለስ ያልቻለው መልስ፣ ለሞተ አባት የቀረ ስንብት፣ ሁሉ እዚህ ይገባል። ግጥም የሚመጣለት ግጥም ይጻፍ፤ ታሪክ የሚቀናው ሰፈሩን፣ የመርካቶን ጩኸት፣ የአያቱን ቤት ይጻፍ። ፊደል ተሳሳተ፣ ስንኙ አልገጠመም ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ አራሚ መምህር የለምና። አንባቢው ጸሐፊው ራሱ ነው። ለአላህ የሚቀርብ ዱዓም በራስ ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል። የመንገደኛና የተበዳይ ዱዓ ተቀባይነት እንዳለው በሐዲስ ተነግሯልና ስደተኛ ሁለቱንም ሆኖ ሲገኝ ዱዓውን አቅልሎ ማየት የለበትም።

ጥንቃቄ ግን ይደረግ። ደብተሩ የሚቀመጠው በሰው ቤት ነው። የአሠሪን የቤተሰብ ምስጢር መጻፍ ከአማና አንጻርም አይገባም፤ ከተገኘም አደጋ ያመጣል። በደል የደረሰ እንደሆነ ቀኑንና የሆነውን ባጭሩ በአማርኛ ጽፎ ለቤተሰብ ማሳወቅ ይሻላል። ማንበብና መጻፍ ያልቻለች እህት ደግሞ ስልኳ ላይ ድምፅዋን ልትቀዳ ትችላለች። የጥንቱ ካሴት የሚሠራው ይኸው ነበር።

ቤተሰብ ሆይ!

ስለ ሄዱት ብቻ ተናግረን ስለ ቀረነው ዝም ብንል ፍርድ ይጓደላል። በየቤቱ የሚደረገውን የስልክ ንግግር እናስታውስ። «ደህና ነሽ? ሐዋላው አልደረሰም። የወንድምሽ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል። ቤቱ በር ይቀረዋል።» በዚህ መካከል ልጅቱ ስለ ራሷ የምትናገርበት ቀዳዳ የት አለ? ብሩን የምትልክ እጅ እንዳላት እናውቃለን፤ ያቺው እጅ በበረኪና መቁሰሏን አንጠይቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል አዘዋል። ይህን ሐዲስ ለዐረቡ አሠሪ እንጠቅስበታለን። እኛስ ለላኪዋ የምንከፍለው የለብንም? ቢያንስ የመደመጥ ዋጋ አለባት።

ስለዚህ የምንመክረው ይህ ነው። በወር አንድ ጊዜ ገንዘብ የማይነሳበት ስልክ ይደወል። «ደህና ነሽ?» የሚለው ጥያቄ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም። በምትኩ «ማታ ስንት ሰዓት ተኛሽ? ዛሬ ምን በላሽ? የምታዋሪው ሰው አለ? ክፍልሽ መስኮት አለው?» ተብሎ ይጠየቅ። ሁለተኛ፣ ቤተሰብም ይጻፍ። የሰፈሩን ወሬ፣ የእህት ልጅ ጥርስ ማውጣቱን፣ የረመዳን ሾርባ ላይ ማን ማን እንደነበረ በአንድ ገጽ ጽፎ ፎቶ አንስቶ መላክ ምንም አያስከፍልም። ያን ገጽ ደጋግማ ታነበዋለች። ሦስተኛ፣ ላኪዋ «ሰለቸኝ፣ ልመለስ» ያለች ቀን ስለ ቤቱ በር አይነገራት።

የጽሑፍ አቅም የሚያበቃበት

ደብተር የማይደርስበት ቦታም አለ። ሳምንታት የዘለቀ እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ ፈጽሞ መዝጋት፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ሊገድለኝ ነው ማለት፣ ከሁሉም በላይ መሞትን መመኘት ሲታይ ጊዜ መስጠት አይገባም። እንዲህ ያለች እህት ስትመለስ «ጂን ነው» ብሎ ቤት መዝጋት፣ ከጎረቤት መደበቅ በየሰፈሩ የሚታይ ነገር ነው። ቁርኣን ይቀራባት፤ ሩቃውም ይደረግ፤ ሐኪምም ይያት። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በሽታን ያወረደው አላህ መድኃኒቱንም ማውረዱን፣ እንድንታከምም መታዘዛችንን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ለእኛ ሰፈር ደግሞ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ስሙን እንደ ስድብ እየተጠቀምንበት ሰው እንዳይሄድ ያደረግነው እኛው ነን።

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን ሠራተኞች ባስወጣችበት ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን መመለሳቸው ይታወሳል። ቦሌ ላይ ፌስታል ብቻ ይዘው የወረዱ ነበሩ። ያን ጊዜ ብርድ ልብስና የመሳፈሪያ ገንዘብ ተሰጠ፤ ደግ ተሠራ። ያዩትን ተቀምጦ የሰማቸው፣ የጻፈላቸው ግን ስንት ነበር? ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ እንደ ኡሙ ሰለማ ተራኪ፣ እንደ ዐብዱልወሊ ደራሲ የሚሆኑ አይጠፉም ነበር።

ለወጣቶች አንድ ሥራ

እዚህ ላይ ለወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በካይሮው አል-አዝሀር ከሐበሻ ምድር ለሚሄዱ ተማሪዎች የተለየ «ሪዋቀል ጀበርቲያ» የሚባል ማደሪያ ነበር። ከነዚያ ስደተኛ ተማሪዎች ዘር የወጣው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘመኑን የግብፅ ታሪክ ጽፎ ስላለፈ ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን በወረረ ጊዜ የሆነውን ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ዛሬም የእርሱን መጽሐፍ ይከፍታል። የእኛ ዘር ብዕር ከያዘ እንግዳነት አያግደውም ማለት ነው።

እንግዲህ የመርካቶ ወጣት ሆይ! በዚህ ክረምት አንድ ደብተር ግዛ፣ ግዢ። ከቤተሰብ ወይም ከጎረቤት ከሰው ሀገር የተመለሰ አንድ ሰው ምረጡ። ፈቃዱን ጠይቁ። አክስትም ልትሆን ትችላለች፤ ከገጠር መጥተው መርካቶ ያረጁ አያትም ሊሆኑ ይችላሉ፤ በ2007 ዓ.ም. የተቀጣጠለውን ጦርነት ሸሽቶ ከየመን የመጣ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። «የመጀመሪያዋ ሌሊት እንዴት ነበረች?» ብላችሁ ጀምሩ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጻፉ። ስትጨርሱ አንብቡላቸው፤ አውጡ ያሏችሁን አውጡ፤ ደብተሩን ለእነርሱ ስጡ። የተናገሩት ነገር ተጽፎ ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ለውጥ እናንተው ታዩታላችሁ።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) የኢብኑ ዑመርን ትከሻ ይዘው በዱንያ ላይ እንደ እንግዳ ወይም እንደ መንገደኛ እንዲሆን መክረውታል። ሁላችንም መንገደኞች ከሆንን መንገድ ላይ ያገኘነውን መንገደኛ ሰላም ማለት አይከብደንም። ታላቁ ተጓዥ ኢብኑ በጡጣ ከሀገሩ በወጣ ሰሞን ቱኒስ ሲገባ ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ሰላም ሲባባል እርሱን የሚያውቀው በማጣቱ እንባው እንደወረደ፣ አንድ መንገደኛም አይቶት ቀርቦ እንዳጽናናው በጉዞ መጽሐፉ ተርኳል። ዓለምን የዞረው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ያን አንድ ሰላምታ አልረሳውም።

ዛሬ ማታ ከመግሪብ በኋላ ስልክ ስትደውሉ ስለ ሐዋላው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ክፍሏ መስኮት ጠይቋት። አላህ በሰው ሀገር ያሉትን ሁሉ ይጠብቅልን፤ በሰላም ከቤታቸው ያግባቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።